«ሲሸጥስ ስንት ያወጣል?»

እናቴ ጥያቄውን የጠየቀችው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ በግራና በቀኝ ተቀምጠን ስልካችን ላይ የመኪና ፎቶ እያሳየናት ነበር። ነጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጣሪያዋ መስታወት የሆነች የኤሌክትሪክ መኪና። ከማደያ ሰልፍ እንደምንገላገል ነገርናት። ወንበሩ ለወገቧ እንደሚመች፣ ድምፅ እንደሌላት፣ የሞተር ዘይት ቅየራ እንደማትፈልግ ነገርናት። ጣልቃ ሳትገባ ሰማችን፣ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰችና «ደግ፤ ሲሸጥስ ስንት ያወጣል?» አለች።

እህቴ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት። ስለ መኪናዋ ከወር በላይ አንብበናል፣ ቪዲዮ አይተናል፣ ያላቸውን ሰዎች ጠይቀናል። ይህ ጥያቄ ግን አንድም ቀን አልመጣልንም። ለእናቴ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው» ብላ ወደ ግቢው ዞረች። ማንጎው ሥር አባታችን የተወልን ዲኤክስ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች።

ያ ቅዳሜ ካለፈ ወራት ተቆጠሩ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። መንገድ ላይ አዲስ ሰሌዳ ያላት መኪና ባለፈች ቁጥር፣ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ማታ ቻርጀሩን ስሰካ ይመጣብኛል። እናቴ ሳታስበው ትልቅ ነገር ነክታለች፤ እስከዛሬ «መኪና አለኝ» ስንል ምን ማለታችን እንደነበር።

## ግቢ ውስጥ የቆመ ባንክ

አባቴ ዲኤክሷን የገዛት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ95 ሺህ ብር። ያኔም አሮጌ ነበረች፤ የ1988 ሞዴል ኮሮላ። ሥራው ወንጂ ስለነበር ጠዋት ይወጣባታል፣ ማታ የአገዳ መንገድ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። እህቴ ልትወልድ ሐኪም ቤት የሄደችው በእሷ ነው። ሞተሯ አንድ ጊዜ ወርዶ ተሠርቷል፣ ቦዲዋ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል።

አባቴ ግን ስለ ዲኤክሷ ሲያወራ ስለ መንዳት አያወራም። «ችግር ቢመጣ እሷ አለች» ነበር የሚለው። እህቴ ኮሌጅ ስትገባ ሊሸጣት ነበር፤ ገንዘቡ ከሌላ ሲገኝ ተረፈች። ቤቱን ስናድስ ቆርቆሮ ጎድሎ ዋጋ አስጠይቆባት ነበር፤ ያኔም ተረፈች። ዓመት በዓል ሲደርስ ደላላ ጠርቶ «ስንት ገባች?» ይላል፣ ሊሸጥ ሳይሆን ሊሰማ። የሚነገረው ዋጋ ከአምናው ከፍ ሲል ፊቱ ላይ የማየው ብርሃን የባንክ ደብተሩን ሲያይ ከማየው ይበልጥ ነበር። ልክም ነበር። ዘንድሮ ለዲኤክሷ የቀረበልን ዋጋ 820 ሺህ ብር ነው።

መኪናዋ ስለተሻለች አይደለም፤ በየዓመቱ እያረጀች ነው። ብሩ ቀለለ፣ በሩ ጠበበ። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ባለበት ቆሞ ዋጋው ጨመረ። በጥር 2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር እኛ ሆንን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀ። ይህን አንባቢዬ ያውቀዋል፣ አላራዝመውም። ልል የፈለግሁት፣ እያንዳንዱ እርምጃ በተወሰደ ቁጥር ማንጎው ሥር የቆመችው አሮጌ መኪና ትወደድ ነበር። ቪትዝ ወይም ያሪስ ሲነሳ ሰው በመጀመሪያ «ገበያ አለው» የሚለው ለዚህ ነው። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ሁለተኛ ነገር ነው።

እናቴ እንግዲህ በዚህ ሂሳብ የኖረች ሴት ናት። እኛ መኪና እያሳየናት መስሎን ነበር፤ እሷ የተረዳችው የቤቱን መጠባበቂያ ከባንክ አውጥተን የማታውቀው ቦታ ልናስቀምጠው እንደሆነ ነው።

## ዋጋ የማይደግመው ደላላ

መልስ ፍለጋ አባቴ ይጠራው ወደነበረው ደላላ ሄድኩ። ይህ ሰው የቶዮታን ዋጋ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያወጣዋል። የሞዴሉን ዓመት፣ ማርሹን፣ ሰሌዳውን ንገረው፣ ለአፍታ ሳያመነታ ይተምንልሃል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዋ ስጠይቀው ግን ዋጋ አልነገረኝም፤ ጥያቄ ደረደረ። «ባትሪው ስንት ፐርሰንት ጤና አለው? የስክሪኑ ቋንቋ ከቻይንኛ ተቀይሯል? የዘንድሮ ነው የአምና?» እኔ ገና አዲስ ልገዛ መሆኑን ስነግረው «እሱማ ገባኝ» አለ። «ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛህ ሰው የሚጠይቅህ ይህንን ነው። ዲኤክስን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሰምቶ፣ ጭሱን አይቶ ይገዛል። ይቺን ምኗን ሰምቶ ይግዛ? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።» ቀጥሎ ያለው ነው ያሳሰበኝ፤ «በኤሌክትሪክ መኪና ትናንት የነገርኩህን ዋጋ ዛሬ አልደግመውም።»

ቤት ገብቼ ነገሩን ሳገላብጠው የደላላው ፍርሃት ምክንያት እንዳለው አየሁ። ከኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በ2024 በአማካይ ወደ 115 ዶላር ወርዷል። በዚያ ላይ የቻይና ፋብሪካዎች ዋጋ በመቀነስ እርስ በርስ እየተፎካከሩ ነው። የዘንድሮው ሞዴል ከአምናው ርቆ ይሄዳል፣ ቶሎ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ ይወጣል። አዲሱ ሲረክስ አሮጌው አብሮት ይወርዳል፤ ስልክ ላይ ያየነው ነው።

እዚህ ጋ ግን እኛን የሚያደናግር ነገር አለ። ዋጋው የሚወርደው በዶላር ነው፤ እኛ የምንቆጥረው በብር ነው። መኪናህ በዶላር ሲሶዋን አጥታ በብር የገዛህበትን ያህል ልታወጣ ትችላለች። ያኔ አልከሰርኩም ትላለህ። አባቴም ሃያ ዓመት ሙሉ አተረፍኩ ሲል ትርፉ የብር መቅለል ነበር፤ ዋጋዋ ከዚያ በላይ እንዳይወድቅ የያዘላት ደግሞ እጥረቱ። ልዩነቱ ዲኤክሷን የምትተካት አዲስ መኪና አለመኖሯ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በየወሩ መርከብ ሙሉ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ ተነስቶላቸው ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀው ላይ የቀረው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ላይ እሱም አልነበረም። እጥረት የሌለበት ዕቃ ደግሞ መጠባበቂያ አይሆንም።

ለእናቴ ይህን እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሳልነግራት መኪናዋ ተገዛች። እህቴ ከባለቤቷ ጋር ያጠራቀመችውን አወጣች፣ እኔም ያለኝን ጨመርኩ፤ ዲኤክሷ ለጊዜው እንድትቆይ ተስማማን። እናቴ አልተቃወመችም፣ አልመረቀችም።

## ቁልቁለቱ ላይ

መኪናዋን አዲስ አበባ ተረክበን ስንመለስ እናቴ ፊት ወንበር ተቀመጠች። እህቴ፣ ባለቤቷና ልጃቸው ከኋላ። ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ መንገዱን ስንይዝ ስክሪኑ 84 በመቶ ይላል። እናቴ መንገዱን አታይም፤ ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ነው። 83 ሲሆን «ቀነሰ» አለች። 82 ሲሆን «ኧረ ቀነሰ»። ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ስንቃረብ መቁጠሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። እኔም አልፈረድኩባትም። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ዓይኗ ሥር ሲቀንስ እያየች ነው።

ሞጆ ላይ ከፍጥነት መንገዱ ወጣን፤ አክስታችንን ሳናይ ማለፍ አይሆንም። ምሳ በልተን፣ መኪናዋ ተባርካ፣ ወደ አዳማ በአሮጌው መንገድ ቀጠልን። ኮረብታዎቹ ላይ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ። በሁለት ዙር የተተከሉ ናቸው፤ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102፣ እያንዳንዱ አንድ ሜጋ ዋት ተኩል። ለኛ ለአዳማ ሰዎች ከአድማስ ጋር የተዋሃዱ ስለሆኑ ቆመን አናያቸውም። ነፋሱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልብስ ከገመድ የሚነጥቀው፣ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ የሚሞላው ነው።

ወደ ከተማው ቁልቁል ሲጀምር እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሳሁ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም፤ ቤንዚን ለሌላት መኪናም ቤንዚን መስጫ ነው የምለው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር አረንጓዴ ሆነ። ቁጥሩ 64 ላይ ቆመ። እናቴ ጠበቀች። ትንሽ እንደሄድን 65 ሆነ።

«ጨመረ!» አለች። ወደ እኔ ዞራ «ማን ሞላው?»

«ቁልቁለቱ ነው እማዬ። ስትወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል።»

ዝም አለች። መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቆሟል። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አነሳች። «አባትህ እዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ያጠፋ ነበር» አለች። «ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ቁልፉን መልሶ፣ እስከ ከተማው መግቢያ ዝም ብሎ ይንሸራተት ነበር። ቤንዚን ለመቆጠብ። እጮህበት ነበር፤ ፍሬኑ እምቢ ቢለው ምን ልንሆን ነው እያልኩ። ለኔም ብሎ አልተወም።» ከመስኮቱ ውጭ ተርባይኖቹን አየች። «ያኔ የወረድነው ሁሉ ባዶውን ነበር የሚቀረው። ይቺ ግን ትመልሳለች።»

ጥቂት እንደሄድን ጠየቀችኝ። «ስንት ዓመት ታገለግለናለች?»

መሪውን ይዤ ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። «ስንት ይሸጣል» አላለችም። ይህን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ፤ ባትሪዋ ከብረትና ፎስፌት የሚሠራው ዓይነት መሆኑን፣ ሙቀቱን ጥላ ሥር ካቆምናት እንደምትችለው፣ በጥንቃቄ ከያዝናት ከአሥር ዓመት በላይ ልትቆይ እንደምትችል ነገርኳት። የኔ ልብ ግን ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው ጋ ነበር። «ሲሸጥስ» የሚለው ሰው መኪናውን የሚያየው ገና በማያውቀው ገዥ ዓይን ነው። ጭረት እንዳይነካው፣ ኪሎ ሜትሩ እንዳይቆጥር፣ ሰው እንዳይሞላበት ይሳሳል። የዲኤክሷ የኋላ ወንበር ላይ የለበሰው ላስቲክ ለዓመታት እንዳለ ነበር። «ስንት ዓመት ታገለግለናለች» የሚለው ሰው በራሱ ዓይን ያያል።

ቤት ስንገባ ስክሪኑ 63 ይል ነበር። በማግስቱ ብቻዬን ወደ አዲስ አበባ ስወጣ 31 በመቶ ገደማ ወሰደብኝ፤ ስንወርድ የፈጀችው 21 ብቻ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ቤንዚን መኪና ላይ ይህን ዳገት ሞተሩ ሲጮህ እንሰማው ነበር እንጂ ቆጥረነው አናውቅም። አሁን አገሩ ራሱ በቁጥር ይነበባል።

## ከፍ ያለች የምትመስለው

ከተማው መግቢያ ላይ አንዲት ጉብታ አለች፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ከቅርብ ካልሆነ የማትታይ። መኪናዋን ያመጣን ቀን አምስት ሰው ጭነን ስናልፍ ከሆዷ በታች «ግርር» የሚል ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ትንፋሽ ያዝን። ወርጄ አስፋልቱ ላይ በደረቴ ተኝቼ አየሁ። የታችኛው የፕላስቲክ መከላከያ ላይ ነጭ ጭረት ነው። ከእሱ በላይ ያለው ግን ባትሪው ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ እንደ ፍራሽ ተዘርግቶ።

ያኔ ነው ክሮስኦቨር የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝ። ድሮ ከፍ ያለ መኪና ማለት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነበር፤ ላንድ ክሩዘር፣ ፓትሮል። እ.ኤ.አ. በ1994 ራቭ ፎር ስትመጣ የቤት መኪና አካል ላይ ከፍ ያለ ቁመና አደረጉላት፣ ዓለሙ ወደዳት። አሁን ከሚሸጡት አዲስ የቤት መኪኖች ግማሽ ያህሉ ከፍ ያሉት ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ደግሞ ባትሪው ወለሉ ሥር መተኛት ስላለበት ወለሉ ይነሳል፣ ወንበሩም ይነሳል፣ ጣሪያውም ይከተላል። ዝቅ ባለች መኪና ላይ ይህ ውፍረት ያስታውቃል፤ በክሮስኦቨር ላይ ግን ቁመና ይሆናል። ፋብሪካውም ከፍ ላለው ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው እያደጉ ነው።

የኛ ሰው ክሮስኦቨር የሚወደው በምክንያት ነው። ኮብልስቶኑ፣ ያልተሠራው የሰፈር መንገድ፣ ክረምት ላይ የሚሞላው ቦይ። ግን የምናየው ከፍታ የተሳፋሪው ከፍታ ነው፤ ሆዷ ከጠበቅነው በታች ነው፣ ሆዷ ላይ ያለውም ከመኪናዋ ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው። ዲኤክሷ ማርሚታዋ ጉብታ ሲመታ በ500 ብር ይበየድ ነበር። ሊገዛ ለሚያስብ ሰው የምለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከስክሪኑ በፊት ጎንበስ ብለህ ሆዷን እይ፤ ቤተሰብህን ሞልተህ ደግሞ እይ።

በሳምንቱ አባቴን ሃያ ዓመት ያገለገለው መካኒክ ጋ ወስጄ ጉድጓዱ ላይ አቆምናት። በእጁ ዳሰሰው፣ ደህና ነው አለኝ። ከዚያ ቆሞ ረጅም ጊዜ አያት። የሱ ሙያ ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካርቡራቶር፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ። ልጅ ሆኜ እነዚህን ቃላት የተማርኩት ከሱ አፍ ነው። አዲሷ መኪና ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። የቀረው ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪውና ሞላው ነው፤ መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ሞላና ጎማ ቶሎ ይበላሉ፣ ለሱም የሚቀረው ሥራ እሱ ነው። ዶልፊን የሚለው ቃል ራሱ ጌታ ለውጧል። እኛ ዶልፊን ስንል ሚኒባሱን ነበር፤ የእህቴ ልጅ ዶልፊን ሲል ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና ፋብሪካ የሚሠራትን ትንሽ መኪና ነው።

መካኒኩ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሚያስተምረኝ ባገኝ እማራለሁ።» ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና አገር ውስጥ እንዳለ መንግሥት ተናግሯል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ቮልስዋገን አይዲ.6ን የመሰለው ጭራሽ ከቻይና ውጭ እንዲሸጥ ታስቦ የወጣ አይደለም። ነጋዴ በግሉ ሲያመጣቸው የፋብሪካው ዋስትና አብሯቸው ባሕር አይሻገርም። እነዚህን መኪኖች አሥራ አምስት ዓመት የሚያኖራቸው የሰለጠነ እጅ ነው፤ እጆቹ ደግሞ እዚሁ አሉ፣ ዘይት ውስጥ ያደጉ ናቸው። አንድም ሰው መጥቶ አላሰለጠናቸውም።

## የራስ ቆጣሪ

አዳማ ላይ ቅንጦት ማለት ቪ8 ነበር። ሠርግ ላይ አበባ ለብሶ ከፊት የሚሄደው፣ ገልማ አባ ገዳ አዳራሽ በር ላይ ስብሰባ ሲኖር የሚደረደረው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ ላንድ ክሩዘር ግን ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ስድስት ሆኗል፤ እኛ አሁንም ቪ8 እንለዋለን። ሰው የሚያከብረው ጥንካሬውን ነው፤ የትም አይተውህም፣ የትም ይጠገናል፣ ስትሸጠውም አያሳፍርህም። አዲሱ ቅንጦት ሌላ ነው። ጸጥታ ነው፣ ወገብ የሚያሽ ወንበር ነው፣ የስክሪን ብዛት ነው። እሱም ደግሞ በፍጥነት እየረከሰ ነው፤ ትናንት የሀብታም የነበረው ነገር ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያለው የቻይና መኪና ላይ አለ። ታላላቆቹ ግራ የገባቸው ለዚህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መርሴዲስ የኤሌክትሪክ ዕቅዱን አዘገየ፣ ቮልቮ በ2030 ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ እሆናለሁ ያለውን ተወ፣ የፖርሽ ሽያጭ በቻይና በ28 በመቶ ወደቀ። የሞተር ድምፅ የሚወድ ሞተሩን አይለቅም፤ ስክሪን የሚወድ ደግሞ ለስም ብሎ እጥፍ አይከፍልም።

እኛ ሰፈር ግን ቅንጦት የሆነው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ስሰካ እናቴ «ከምጣድ ይበልጣል?» አለችኝ። አይበልጥም። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ተራ ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር ከሁለት ብዙም አያልፍም። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ መኪናዋ ከባዶ ልትሞላ ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ትጠባለች፤ ባትሪዋ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለእኛ ይሁን፣ የራሳችን ግቢና የራሳችን ቆጣሪ አለን። ከኛ ግቢ ጀርባ ግን አንድ ቆጣሪ ስድስት ተከራይ ይጋራል፤ አከራይዋ ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትፈቅደው። እዚያ የሚኖር አንድ ወጣት አስተማሪ ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ የኤሌክትሪክ መኪና የት ሊሰካ ይችላል? ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብር አልፎ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ከዚያ መውጫው መንገድ በግቢ ባለቤትነት በኩል ነው የሚያልፈው። የኔ የወር መብራት ከአንድ ሙሌት ቤንዚን በብዙ ያንሳል። ይህ ዕድል የሚገባው በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚሠራው ባለባጃጅ ነበር፤ የደረሰው ግን ለእኛ ነው። ለከተማው የሰፈር ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ከማንኛውም የታክስ ቅናሽ በፊት መምጣት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ዲኤክሷን ባለፈው ወር ሸጥናት። ገዥው ከአሰላ የመጣ ወጣት ነው፤ ከመካኒክ ጋር መጣ፣ ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ፣ ጭሷን አየ፣ ሊብሬዋን አገላበጠ። «ይቺ ብር ናት» አለ። እናቴ ቁልፉን ሰጠችው። ከበሩ ሊወጣ ሲል አስቆመችውና ሸራውንም ጨምራ ሰጠችው። ገንዘቡን ምን እንደምታደርገው ጠየቅኳት፤ ገና እያሰበች ነው።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ነበር። እናቴ ሻማ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። አሁን ማንጎው ሥር የምትቆመው ነጯ ናት። በሩን ከፍቼ ስክሪኑን አበራሁት።

«ስንት ላይ ነው?»

«43።»

«ነገ ወንጂ ደርሳ ለመመለስ ይበቃታል?» የአባቴ ጓደኛ አርባ ነው፤ ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ።

«ይተርፋታል።»

ሻማውን በእጇ ከነፋሱ ከልላ «እንግዲያው ዝጋትና ግባ» አለች።